መጥፎ ዜና የተከለከለባት ከተማ

መጽሐፉን ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ጠላሁት። ግን አልመለስኩትም፤ የጠላሁትን ነገር ለምን እንደጠላሁት ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ በልጅነቴ «ይቺ ልጅ ንስሐ ልትገባ ሄዳ ቄሱን ታናዝዛለች» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

የሰፈራችን፣ የቢከን ሂል ቤተ መጻሕፍት በወር አንዴ የሚሰበሰብ የንባብ ቡድን አለው። የገባሁበት ለእንግሊዝኛዬ ብዬ ነው። በዲቪ ሲያትል መጥቼ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበል ከጀመርኩ ወዲህ ቀኑን ሙሉ የምናገረው «እንኳን ደህና መጡ»፣ «ሊፍቱ በስተቀኝ ነው»፣ «ቁርስ እስከ አራት ሰዓት ነው» ብቻ ሆነ። በዚህ አያያዜ ከሊፍትና ከቁርስ ሌላ ቋንቋ እንደማይኖረኝ ገባኝና ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ሆኖ ቆየኝ።

ታሪኩ መንግሥት መጥፎ ዜናን በአዋጅ ስለከለከለባት ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያው «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። ሰው ሲሞት ሞተ አይባልም፤ «ከተራራው ማዶ ተዛወረ» ነው የሚባለው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በእውነትም ከተራራው ማዶ ለሥራ የሚላኩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ስለዚህ የሄደው ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ባሏ «ከተዛወረ» በኋላ ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብላ በእግሯ ተነሳች። መጽሐፉ የእሷ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅሁ። ቤታችሁ ሙቀት አለው፣ ውኃችሁ ከቧንቧ ይወርዳል፣ ማታ በሰላም ትተኛላችሁ፤ እንዲህ የተመቸው ሰው ምን ጎድሎበት ነው የፈረሰ ዓለም ቁጭ ብሎ የሚያነበው? አንድ ጺማቸው የነጣ አዛውንት ሳቁ። እሳቸው ለመሬት መንቀጥቀጡ ብለው ምድር ቤታቸው ውስጥ ውኃና ቆርቆሮ ምግብ ደርድረዋል። ሲያትል ውስጥ ትልቁ መንቀጥቀጥ አንድ ቀን ይመጣል እየተባለ ነው የሚኖረው። «ይህንንም የማነበው ለዚያው ነው፤ ከመጣ በኋላ ማሰብ ስለማልችል አሁን ላስብበት» አሉኝ። መልሱን ወደድኩት፤ ግን አላጠገበኝም።

ያላጠገበኝን ጥያቄ ይዤ የምሄደው እትዬ ዘንድ ነው። እትዬ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ወላጆቻቸው ከአስመራ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ተወልደው፣ አዲስ አበባ አድገው፣ እዚያው ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆች ሲያስተምሩ ኖረዋል። አማርኛቸው የሬዲዮ ጋዜጠኛ አማርኛ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ ትግርኛው ብቅ ይላል። መጽሐፍ ካልያዙ እጃቸውን የት እንደሚያስቀምጡት የማያውቁ ሴት ነበሩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸው ከመሐል ጨለመ። ሰው የሚያዩት ከዳር ከዳር፣ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ነው፤ ፊደል ጨርሶ እምቢ አላቸው።

እረፍቴ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። በእነዚህ ቀናት ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይዤ እወርድና እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ዝም ብለው የሚሰሙ እንዳይመስላችሁ። ደራሲውን ፊታቸው እንደተቀመጠ ተማሪ ነው የሚያፋጥጡት።

«ይሄ ሰውዬ ታስሮ ያውቃል?»

«እኔ እንጃ እትዬ።»

«አልታሰረም። የታሰረ ሰው ስለ በሩ አይጽፍም፤ ስለ ሽንት ቤቱ ነው የሚጽፈው። ቀጥዪ።»

እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። እርስዎ ያሳለፉት አይበቃም ወይ፣ የሰው ፈጠራ ውስጥ ገብተው መከራ የሚፈልጉት ለምንድን ነው አልኳቸው። አልተቀየሙኝም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በዳር ዓይናቸው ፈለጉኝ።

«ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ አይቻለሁ» አሉኝ። «ልጁ የተገደለበት ሰው ጥቁር እንዳይለብስ ይባል ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ያበድኩ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው ዝም ሲል እብዷ አንቺ ትሆኛለሽ። ያኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ አለማበዴን አውቅ ነበር። ደግሞ አስቢው፣ ይሄን የጻፈ ሰው ከተማዋን እንደዚያ አድርጎ ካጠፋት በኋላም አንድ የሚያነብ ሰው ይተርፋል ብሎ ነው የጻፈው። አለዚያማ ለማን ብሎ ይለፋል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉን መጥላት ተውኩ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ተራራውን መውጣት በጀመረችበት ሳምንት የእትዬ ልጅ ደወለልኝ። ታኮማ ነው የሚኖረው፤ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። አንድ ልጃቸው ነው።

«ሶ... እናቴ ጋ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ቤቴ ነኝ።»

«ኦኬ። አክስቴ አርፋለች፤ አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቷ። ትናንት ነው ኮል ያደረጉልኝ። እስክንሰበሰብ ድረስ ምንም እንዳትነግሪያት፣ እሺ?»

እሺ አልኩት። ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? መርዶ በአንድ ሰው አፍ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ አይነገርም። ግን መቼ ነው የምንሰበሰበው ብዬ ስጠይቅ ጉዱ መጣ። እሱ ቅዳሜ እረፍት ነው፤ ሚስቱ ቅዳሜ ትሠራለች። እሑድ ሚስቱ እረፍት ናት፤ የእትዬ የቅርብ የሚባሉት ደግሞ እሑድ ኤርፖርት ሥራ ላይ ናቸው። ሰኞ ሁሉም ሥራ ነው። አገር ቤት ቢሆን ሰፈሩ በአንድ ሌሊት ይሰማና ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ይቆማል። እዚህ መርዶ የሁሉም ሰው ሽፍት አንድ ላይ ኦፍ እስኪሆን መጠበቅ አለበት። ቅዳሜ ወደሚቀጥለው ሰኞ ተዛወረ፤ ሰኞ ደግሞ ወደ ሌላ ቅዳሜ።

በመሐሉ ልጅየው መጣና «አፕዴት ላድርግልሽ» ብሎ ስልካቸውን ወሰደ። ከመለሰው ወዲህ ከአገር ቤት የሚደወል አልገባ አለ። እትዬ ሲጠይቁት «ኔትወርክ ነው እማዬ፣ እዚያ ኔትወርክ አስቸግሯል» አላቸው። ሕንፃው ውስጥ ያለው ሐበሻ ሁሉ ድንገት ደግ ሆነ። ከዚህ በፊት ሰላምታ የሚቆጥቡ ሰዎች ምግብ እየያዙ ያንኳኳሉ፤ ወገባቸውን እንዴት እንዳደረጋቸው፣ ዓይናቸውን እንዴት እንዳደረጋቸው ይጠይቃሉ። ስለ አገር ቤት የሚያነሳ ግን አንድም የለም።

እኔስ ምን አደረግሁ? የምተርክላቸው መጽሐፍ የሞተ ሰው ስለሚደበቅባት ከተማ ነው! ልጅየው ይህን ሲሰማ በስልክ ጮኸብኝ። «ሌላ ቡክ የለም? የሚያስቅ ነገር የለም?» አለኝ። ፈልጌ የሚያስቅ አገኘሁና ማክሰኞ ይዤ ወረድኩ። እትዬ ሁለት ገጽ ያህል ታገሡኝ።

«ያቺን ሴትዮ የት ጥለሻት መጣሽ?» አሉ። «ተራራ ላይ? በዚህ ብርድ?»

«ትንሽ እንድንስቅ ብዬ ነው እትዬ።»

«እኔ መሳቅ መች አቃተኝ? ሂጂና መጽሐፉን አምጪ።»

ወጥቼ አመጣሁት። ቀስ እያልኩ፣ እያንዛዛሁ፣ የተራራውን ድንጋይ ሁሉ እየገለጽኩ ነበር የማነበው፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ማዶ እንዳትደርስብኝ። እኔ ግን ለብቻዬ ጨርሼዋለሁ። ማዶ መቃብርም፣ በሕይወት ኖረው የሚሠሩ ሰዎችም እንዳሉ አውቄያለሁ።

የንባብ ቡድኑ ሁለተኛ ስብሰባ የተደረገው በዚሁ ሰሞን ነው። ክርክሩ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ ተመልሳ ትመጣለች፤ በመጀመሪያ ለጎረቤቷ የባሏን ሞት ትነግራታለች። ወሬው ይዛመትና ሕዝቡ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ አንድ በአንድ «የእኔስ?» ይላታል። ለአብዛኛው የምትመልሰው «ሞቷል» ብላ ነው። ለጥቂቱ ደግሞ «አለ» ትላለች። ደራሲው ግን ያንን ቀን እንደ በዓል ነው የጻፈው፤ ሰው እያለቀሰ ዳቦ ይቆርሳል። ጺማቸው የነጣው አዛውንት ተቆጡ፤ ከሞቱት ብዛት አንጻር ምኑ ነው የሚያስደስተው አሉ። ስብሰባውን የምትመራው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ተስፋ አለው ትላላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ገጽ ማገላበጥ ጀመረ።

እኔ ዝም ማለት ስለማልችልበት የእኛን ነገር አነሳሁ። እኛም እንደብቃለን አልኳቸው። ከዚያም መርዶ ምን እንደሆነ በዚያች በሊፍትና ቁርስ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁ። አንዲት ሴት ልክ የዚያች ከተማ ሰው እንደሆንኩ አድርጋ አየችኝ። ተናደድኩ፤ ስናደድ እንግሊዝኛዬ ይሻሻላል። «ከተማዋ የምትደብቀው ማንም እንዳያለቅስ ነው፤ እኛ የምንደብቀው ማንም ብቻውን እንዳያለቅስ ነው» አልኩ። ራሴን አድንቄ ሳልጨርስ አዛውንቱ በፍጹም ቅንነት ጠየቁኝ።

«ለመሰብሰብ እስከ መቼ ነው የምትጠብቁት?»

ያንን ጥያቄ ይዤ በዝናቡ ወደ ቤቴ ስሄድ የእትዬ መስኮት ላይ መብራት ነበር፤ በእግሬ ጣት ደረጃውን ወጣሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የማንዛዛው ድንጋይ አለቀብኝ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተመልሳ የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ጎረቤቷ ሊጥ በተጣበቀበት እጇ ከፈተችላት። ዳቦ ጋጋሪዋም በሩ ላይ እንደቆመች ነገረቻት። ይህን ተርኬ ወደሚቀጥለው ገጽ ልቸኩል ነበር። እትዬ ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ብቻዋን?» አሉ። ትግርኛውም አብሮ መጣ። «ዋይ! በር ላይ፣ ብቻዋን ነገረቻት? ይሄ ሰውዬ ጭንቅላት አለው፣ ሰው ግን አያውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ታድርግ?»

«ሰው ይዛ ትሂድ።»

«ማንን ትያዝ እትዬ? እዚያ ከተማ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ሁሉም ይፈራል።»

«ሦስት ሰው ይበቃል» አሉ፤ ቁጭ ብለው። ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው ጣታቸውን አንስተዋል። «አንድ የሥጋ ዘመድ። አንድ የምትቀርባት ጎረቤት። አንድ ደግሞ እንባውን መያዝ የሚችል ሰው፤ ሁሉም ካለቀሰ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል። በማለዳ ይምጡ፣ ፊቷን ሳትታጠብ። ቤት እስኪሞላ ግን አይጠብቁ። ቤት የሚሞላው ለሰው ዓይን ነው፣ ለእሷ አይደለም።» ከዚያ በዳር ዓይናቸው ሲፈልጉኝ ቆዩና ለስለስ ባለ ድምፅ «ለደራሲው ንገሪልኝ» አሉ።

ደራሲውን እንደማላውቀው ያውቃሉ። መጽሐፉን ዘጋሁና ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ለልጃቸው ደወልኩ።

«ነገ ጠዋት መነገር አለባቸው» አልኩት።

«ነገ? ነገ እኮ ዌንስዴይ ነው! ማንም ኦፍ የለም።»

«አንተ፣ እኔና አንድ ሰው እንበቃለን።»

«በሦስት ሰው መርዶ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ሐፍረትም ነበር። «እናቴ እኮ የስንቱን ልጅ አስተምራ፣ ስንቱን ድራ፣ የስንቱን ለቅሶ ደርሳ... በሦስት ሰው ከነገርናት ሰው ምን ይለኛል?»

እትዬ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኩት። ስለ ውኃው ስነግረው አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። «ሽፍቴን ስዊች አደርጋለሁ» አለኝ። ሦስተኛው ሰው ማን ይሁን ብሎ ማሰብ አላስፈለገንም። ማውንት ቤከር ሰፈር የሚኖሩ፣ ከእትዬ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ጡረተኛ አሉ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው ፊታቸው ሲፈታ አላየሁም።

ሊነጋ ሲል ሕንፃው በር ላይ ተገናኘን። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይንጠባጠባል። መምህሩ ጃንጥላ አልያዙም፤ ኮፍያቸውን ብቻ ደፍተዋል። ልጅየው አንኳኳ።

እትዬ ነጠላቸውን ደርበው ከፈቱ። ማን ነው አላሉም። አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው አንድ በአንድ አዩን፤ ልጃቸውን፣ እኔን፣ መምህሩን።

«ሦስት ናችሁ» አሉ።

ተመልሰው ሄደው ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «የትኛው ነው?» አሉ።

ልጅየው ወደ መምህሩ ዞረ። መምህሩ ኮፍያቸውን አውልቀው «ታናሽ እህትዎ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያሉት» አሉ።

እትዬ ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያች ትንሽ ገላ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ልጃቸው እግራቸው ሥር ወደቀ፣ እኔም ከጎረቤት የሚጠበቀውን ጥንካሬ ሁሉ ትቼ ተነፋረቅሁ። ውኃውን ያመጡት መምህሩ ናቸው። እትዬ የእህታቸውን የልጅነት ነገር እያነሱ፣ ጸጉሯን ማን እንደሚሠራላት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማንን እንደምትጠብቅ እያነሱ አለቀሱ። መስኮቱ ነጣ። ባቡሩ ሥራ ያለውን ሁሉ ወደ ከተማ እየወሰደ ነበር።

ከዚያ እትዬ ድንገት ቀና አሉ።

«የቀሩትስ?» አሉ።

ልጅየው አልገባውም። «ማን እማዬ?»

«ወንድሞቼ። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ።»

«አሉ እማዬ። ሦስቱም ደህና ናቸው።»

«ማል።»

«እግዚአብሔርን።»

«ስልኬን አፕዴት ላድርግ ብለህ ስትወስደው አንዱ እንደሞተ ገባኝ» አሉት። «ሰዉ ሁሉ ደግ ሲሆንልኝ አረጋገጥኩ። የትኛው እንደሆነ ግን በምን ልወቅ? ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላዋን ሳለቅስ ከረምኩ። ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ አራቱንም ቀብሬአቸዋለሁ፣ ልጄ።»

ልጅየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ የቤተ መጻሕፍት ክርክር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ እያለቀሰ ለምን ዳቦ እንደቆረሰ፣ ደራሲው ያን ቀን ለምን በዓል እንዳደረገው ገባኝ። «ሞቷል» የምትል ሴት ብቻ ናት «አለ» ስትል የምትታመነው። አዛውንቱ ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ።

«ደውልልኝ» አሉ እትዬ።

ልጅየው በራሱ ስልክ መጀመሪያ ናዝሬት ላለው አጎቱ ደወለ። እዚያ ገና ማምሸቱ ነው። ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አደረገላቸው፤ ድምፁ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል። ሰውየው የእህቱን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ፣ ወዲያው ግን ድምፁን አሳምሮ፣ አድምቆ ጀመረ።

«እንዴት ነሽ እታለም! ጠፋን አይደል? ኔትወርክ ነው ያስቸገረን እኮ! እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ሁሉም ደህና ነው...»

«ተነግሮኛል ወንድሜ» አሉት እትዬ።

«ምኑ?» አለ ሰውየው።

«ተነግሮኛል። አሁን ደህና ነን አትበለኝ። አልቅስ፤ ድምፅህን ልስማው።»

አለቀሰ። እትዬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው ይዘው፣ ወንድማቸው ሲያለቅስ እስኪበቃቸው ሰሙት።